ጉሬዛ ዛሬም አልመጣም

የካቲት 3 ቀን 1987፣ ዓርብ

ዛሬ ጉሬዛ ስጠራው አልመጣም። እስከ ጥምቀት ድረስ ሁለት ጣቴን አፌ ከትቼ አንዴ ካፏጨሁ የትም ይሁን የት እየበረረ መጥቶ እግሬ ሥር ይንከባለል ነበር። ዛሬ ባሮ ወንዝ ዳር አባ ኮዳ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎች ሲያባርር ደጋግሜ አፏጨሁ። አንዴ ዞሮ አየኝና ሥራውን ቀጠለ። ዓሣ አጥማጆቹ ሳቁብኝ። እኔም አብሬ ለመሳቅ ሞከርኩ።

ለነገሩ በዚህ ሙቀት ወንዝ ለወንዝ የምዞረው ወድጄ አይደለም። የክሊኒኩ ነርስ ስኳርህ እንዲወርድ በየቀኑ በእግርህ ሂድ ብሎ አዞኝ ነው። ባለቤቴ እሙዬ እናቷን ልታስታምም ወደ አገሯ መቲ ስትሄድ ደግሞ ብቻህን አትሂድ፣ ጉሬዛን አስከትል አለችኝ። ውሻውን ያመጣችውም እሷው ናት፤ አምና ከመቲ ስትመለስ በቡና ጆንያ ጠቅልላ። ጥቁር ሆኖ ትከሻውና ጅራቱ ነጭ ስለሆነ የአገሯን የዛፍ ላይ ጉሬዛ መስሏት ስሙን አወጣችለት። እኔ ቡችላ ሳለ ፉጨት አስተማርኩት፤ ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረም።

ልጄ ናዝሬት ዘግይታ መጣች። ከአጓ ጋር ነበርኩ አለች። አጓ የጎረቤታችን የአኬሎ ልጅ ናት፤ አብረው ዘጠነኛ ክፍል ናቸው። የት ነበራችሁ ብላት "ጥናት" አለች። ዘንድሮ ጥናቱ በዝቷል።

የካቲት 7፣ ማክሰኞ

ዛሬም አልመጣም። እኔ ቤት ገብቼ እግሬን ስታጠብ በራሱ ጊዜ ከተፍ አለ። በከዘራ አቀመስኩትና አሰርኩት። እንዲያውቅ ነው።

የካቲት 13፣ ሰኞ

ቢሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስብሰባ። አዲስ መዋቅር ይወጣል ይባላል። ክልል ከሆንን ወዲህ መዋቅር ያልወጣበት ወር ትዝ አይለኝም። ማን ይቀራል፣ ማን ወደ መጣበት ይመለሳል የሚለው ወሬ ከሻይ ጋር ይጠጣል። እኔ እዚህ የመጣሁት ፀጉሬ ጥቁር ሳለ ነው። ሳኒተሪያን ነኝ፤ የጉድጓድ ውሃ በክሎሪን ማከም፣ ሽንት ቤት ማስቆፈር፣ ያበደ ውሻ ማስወገድ። ማንም በዚህ ሥራ የሚቀናብኝ አይመስለኝም።

አዲሱ ኃላፊያችን አቶ ኦሞት ልጄ ሊሆን ምንም አልቀረው። ጨዋ ነው። አንተ ይለኛል፤ ቋንቋው ሆኖበት ነው እንጂ ንቀት እንዳልሆነ ለራሴ ነግሬዋለሁ። ዛሬ ከስብሰባው መሀል "ጋሽ ከተማ፣ ፊትህ ደክሟል" አለኝ። በሰው ፊት እንደዚህ ይባላል?

ናዝሬት ከመሸ መጣች። ገና በሩን ሳታልፍ ጀመርኩላት። ምንም አልመለሰችም። ይሻላል፤ ዝም አይነቅዝም።

ጉሬዛ ገመዱን በልቶ ጠፍቶ ነበር። ሁለቱም አንድ ሰዓት ላይ ገቡ።

የካቲት 19፣ እሑድ፣ ቅበላ

ገበያው ሰፈር አንድ ሕፃን ያበደ ውሻ ነከሰው። ቅዳሜ ሌሊቱን ወደ ጅማ በመኪና ላኩት፤ መድኃኒቱ እዚህ የለም። እናቱ ጩኸቷን ስትለቀው ሆስፒታሉ ግቢ ነበርኩ። እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

በእሑድ ተጠርተን ተሰበሰብን። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ባለቤት ያለው ውሻ ይታሰር፣ ያልታሰረ በመርዝ ይወገድ ተባለ። ሥራው የእኔ ነው። መቼም ሌላ የሚያውቀው ሰው የለም። ውሻ ሲያፏጩለት ከያለበት ይወጣል፣ ሲወጣ ይጣልለታል። ከኔ ጋር የሚሠራው ዱዋልም ሥራውን ከኔ ነው የተማረው፤ ፉጨቱን ሳይቀር አስጠናሁት። ጎበዝ ልጅ ነው፤ አሁን ከኔ አጥርቶ ያፏጫል።

መርዙን ምን ላይ እንቀባ የሚል ጥያቄ ተነሣ። ከነገ ጀምሮ ጾም ነው፣ ሥጋ ቤቶቹ ይዘጋሉ። በደረቅ ዓሣ ላይ ይሁን፣ ዓሣ እዚህ አገር እንደ አፈር ነው አልኩ። ሁሉም ተስማሙ። የሰፈሮቹንም ተራ እኔው አወጣሁ። የእኛን ሰፈር መጨረሻ አደረግሁት። አንድ ሰፈር መጨረሻ መሆኑ መቼም አይቀርም።

ማታ ጉሬዛን በሰንሰለት አሰርኩት። እኛ ዘንድ ውሻ ቀን ይታሰራል ማታ ይፈታል፤ ከተወለደ ጀምሮ የሚያውቀው ይህንኑ ነው። አሁን ግን መርዙ ማታ ስለሚጣል ማታ ሊታሰር ነው። ሲያላዝን አመሸ። አኬሎ በአጥሩ በኩል "ጋሽ ከተማ፣ ይሄ ውሻ ሰው ሞቶበታል?" አለችኝ።

የካቲት 24፣ ዓርብ

በሰንሰለት ይዤው ወጣሁ። ድልድዩ አጠገብ አንገቱን ከማሰሪያው ሾልኮ አመለጠ። ጠራሁት፣ ቆመ። ከከዘራዬ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ልክ እጄ እማይደርስበት ላይ። አንድ እርምጃ ስጠጋ አንድ እርምጃ ይሸሻል። ጅራቱን ይቆላል እኮ! መምጣት የፈለገ ይመስላል፣ ግን አይመጣም። ሰው ቆሞ ያየናል። የውሻ ጠላት የሆንኩት ሰውዬ የራሴን ውሻ መያዝ አቃተኝ። የመጀመሪያው ሰፈር ሰኞ ይጀመራል።

ኋላ በራሱ ቤት ሲመጣ ይዤ ልኩን አሳየሁት። ናዝሬት ከጓዳ ሮጣ ወጥታ ከዘራውን ያዘችብኝ። "አባዬ፣ ሲመጣ ነው እኮ የምትመታው።"

የመታሁት ስለጠፋ ነው አልኳት።

"እሱ ግን የሚያውቀው መጥቶ መመታቱን ነው።"

ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ብያት ገባሁ። ቆይቼ ሳስበው ግን ከመቼ ወዲህ ነው ከዘራዬን የምትይዘው?

የካቲት 29፣ ረቡዕ

ሰኞና ማክሰኞ ገበያው ሰፈር ሠራን። ጠዋት ጠዋት ጋሪ ይዘን እንሰበስባለን። ዝርዝሩን አላበዛም። አንዲት ቀይ ውሻ ጡቷ ወተት ሞልቶ ነበር። ዱዋል አፍንጫውን በጨርቅ ሸፍኖ "ጋሼ፣ እነዚህ ስንጠራቸው ባይመጡ ኖሮ ይድኑ ነበር" አለኝ። ሥራህን ሥራ አልኩት። ሥራውን ይሠራል፣ ልጁ ላይ ክፋት የለም።

ከእሙዬ በአይሱዙ ሾፌር በኩል መልእክት መጣ፤ እናቷ አልተሻላቸውም፣ ለፋሲካ ግን ትመጣለች። ናዝሬትን አደራ ብላለች። ስለ ጉሬዛም ጠይቃለች።

መጋቢት 4፣ ሰኞ

እግሬ። ትናንት ጉሬዛን ሳሳድድ ሸንበቆው ውስጥ ገብቼ ጉቶ ወጋኝ። ነርሱ ቁስሉን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ በስኳር ላይ የእግር ቁስል ቀልድ አይደለም አለ። መሄድ ቀርቷል። መቀመጥ። እስኪድን ቢሮም ቀርቷል።

ውሻው ተይዟል። ያመጣችው ናዝሬት ናት። እንዴት እንደያዘችው አልነገረችኝም፣ አልጠየቅኳትም።

መጋቢት 9፣ ቅዳሜ

አቶ ኦሞት ሊጠይቀኝ መጣ፤ ማንጎ በፌስታል ይዞ። ማንጎ ለስኳር በሽተኛ! ሳልስቅ ተቀበልኩት። መዋቅሩ ውስጥ ስሜ እንዳለ ሊነግረኝ ነው የመጣው። "አንተ ትቆያለህ፣ ጋሽ ከተማ። ሥራ የሚያውቅ ሰው አንለቅም" አለኝ። አመሰግናለሁ እንኳ በደንብ አላልኩም። ይህን ሁሉ ጊዜ በልቤ ያማሁት ለምን ነበር? ዘመቻውን ዱዋል ይቀጥል፣ የተራ ለውጥ ካለ ሰው ይላክብሃል ብሎኝ ሄደ።

የግቢው ሙቀት አያስቀምጥም። ጉሬዛ ከሰንሰለቱ ጫፍ ሆኖ ያየኛል፣ እኔም አየዋለሁ። ሁለት እስረኞች።

መጋቢት 13፣ ረቡዕ

ሥራ የፈታ ሰው የልጅ ምክርም ይሞክራል። ናዝሬት አሳየችኝ። መሬት ላይ ትቀመጣለህ አለችኝ። ፊትህን ወደ እሱ አታዙርም። ከዘራህን ከአጠገብህ ታርቃለህ። መዳፍህን ዘርግተህ ዝም ትላለህ፣ አትጠራውም። ሲመጣ መብሉን ትሰጠዋለህ፣ ከዚያ ትለቀዋለህ። አታስረውም።

"ካላሰርኩት ለምን አመጣዋለሁ?" አልኳት።

"ዝም ብሎ እንዲመጣ ነዋ" አለችኝ።

ጎልማሳ ሰው በቆሰለ እግሩ አፈር ላይ ተዘርፍጦ ጀርባውን ለውሻ ሰጥቶ ተቀመጠ። በእጄ ደረቅ ዓሣ። በሁዳዴ ዓሣ መግዛት አፍሬ ናዝሬትን ነበር የላክኋት፤ አኬሎን ግን መች ያመልጣታል። በአጥሩ በኩል "ጋሽ ከተማ፣ ጾም ገደፍክ? ወይስ ውሻው ነው የሚበላው?" ብላ ሳቀችብኝ። ውሻው ነው አልኳት። "ውሻው ካንተ የተሻለ ኑሮ አለው" አለችኝ።

ቆየ። ከዚያ እርጥብ አፍንጫ መዳፌን ነካኝ። እውነቱን ልጻፍ፣ ደስ አለኝ። እሙዬ ብትኖር ብዬ ተመኘሁ።

መጋቢት 20፣ ረቡዕ

አሁን ከግቢው ጥግ አፏጭለታለሁ፣ ይመጣል። በየቀኑ። አንዴም አላሳፈረኝም። ማታ ማታ ሳስረው ብቻ ይከፋዋል።

ዛሬ ናዝሬትና እኔ ተራ በተራ እየጠራነው ስንስቅ አመሸን። ስትስቅ እናቷን ትመስላለች፤ ረስቼው ነበር። ከዚያ አጠገቤ አፈሩ ላይ ቁጭ ብላ "አባዬ፣ ካልተቆጣህ አንድ ነገር ልንገርህ" አለችኝ። አልቆጣም፣ ንገሪኝ አልኳት። ከአጓ ጋር እነአኬሎ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ እንደምትዘምር ነገረችኝ። ጥናት የምትለው እሱ ነበር። ድምፅሽ ጥሩ ነው ብለው ፊት ቆሜ እንድመራ አደረጉኝ አለች።

አልተቆጣሁም። ድምፄን ከፍ አደረግሁ እንጂ አልተቆጣሁም። እናቷ ሁዳዴን እየጾመች አያቷን ታስታምማለች፣ አንቺ ፕሮቴስታንቶች ዘንድ ትዘምሪያለሽ አልኳት። ጎረቤት ሰው ናቸው፣ አከብራቸዋለሁ፤ ግን ልጄ ከጥምቀቷ ቤተ ክርስቲያን ውጪ አትዘምርም። ካሁን በኋላ ከትምህርት ቤት ቀጥታ ወደ ቤት።

ተነሥታ ገባች። እሺም አላለች፣ እምቢም አላለች። ስጨርስ ጉሬዛም አጠገቤ አልነበረም፤ አልጋው ሥር ገብቶ አገኘሁት።

መጋቢት 22፣ ዓርብ

ራት አቀረበች። "ብላ" ከማለት በቀር ቃል የለም።

መጋቢት 26፣ ማክሰኞ

ቁጭ ብዬ ብዙ ልጽፍ ነው፤ እንቅልፍ አይመጣም።

ናዝሬት ዛሬ ጨልሞ መጣች። ቀጥታ ወደ ቤት ብዬ ነበር። ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ በር በሩን እያየሁ፣ እግሬ እየጠዘጠዘኝ። ፀሐይ ገባች። የአጓ ድምፅ ከአጥሩ ወዲያ ተሰማ፣ የኔ ልጅ የለችም። የልጅ አባት የሆነ ሰው ያን ጊዜ ምን ምን እንደሚያስብ ያውቀዋል።

ስትገባ እየሮጠች ነበር፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። "አባዬ፣ ዱዋል..." አለች።

ዱዋል! በዚህ ጨለማ ከጎረምሳ ጋር ቆማ መጥታ ስሙን በአፏ ትጠራልኛለች። ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን ሁሉ አልጽፍም። ስለማንም መስማት አልፈልግም፣ አንዲት ቃል እንዳትወጣሽ አልኩ። "አባዬ ስማኝ፣ ድልድዩ ጋ አግኝቶኝ..." አለች ደግማ። እጄን አነሣሁ። አልመታኋትም። አንሥቼ ተውኩት። ወደ ኋላ አለች፣ ልክ እጄ እማይደርስበት ላይ ቆመች፣ አየችኝ። ከዚያ ወደ ጉሬዛ ዞር ብላ አየች፤ ሰንሰለቱ ላይ ነበር። ገብታ ተኛች።

ዱዋልን እስከ ዛሬ ጨዋ ልጅ ይመስለኝ ነበር። ከአቶ ኦሞት ጋር ሳንነጋገር አንቀርም። ግን ምን ብዬ እናገራለሁ? እሙዬ ብትኖር ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብላ ልጅቷን ቁጭ አድርጋ ትጠይቃት ነበር። እኔ ጥያቄ ሳይሆን ጩኸት ነው የሚቀናኝ። አባቴም እንዲሁ ነበሩ።

ከውስጥ ስታለቅስ ይሰማኛል፤ ትራሱን አፏ ላይ አድርጋ። በሩ ድረስ ሄጄ ነበር። ሳላንኳኳ ተመለስኩ።

ጉሬዛ ደግሞ ያላዝናል። ሁለቱንም መስማት አልቻልኩም። ሄጄ ፈታሁት። ቢያንስ አንዱ ዛሬ ደስ ይበለው። የእኛ ሰፈር ተራ የሚመጣው ሳምንት ነው፣ አጥሩም ደኅና ነው። ደግሞም አሁን ይሰማኛል፤ ብጠራው ይመጣል። ለሙከራ አፏጨሁ፣ እየበረረ መጣ። ዓሣ አልነበረኝምና ጭንቅላቱን አሸሁት። እግሬ ሥር ተኝቷል አሁን።

ከመንገዱ በኩል ፉጨት ይሰማል። ልክ የኔን። የሰፈር ጎረምሶች ይሆናሉ፣ ወይ ደግሞ ከድልድዩ ወዲያ ዱዋል ሥራ ላይ ይሆናል፤ ማታ ባሮ ድምፅ ያመጣል። ጉሬዛ ጆሮውን አቁሟል። አንተ እዚሁ ነህ አልኩት።

ውሃ ልጠጣ ገብቼ ስወጣ የለም። ግቢውን አንዴ ዞሮ ይመጣል።

መጋቢት 27፣ ረቡዕ

ጉሬዛ ሞተ። እነአኬሎ ደጅ፣ ከመንገዱ ዳር። ዱዋል ጋሪውን ይዞ ሲመጣ አውቆት በራችንን አንኳኳ።

መጋቢት 28፣ ሐሙስ

ዱዋል የነገረኝ ይህ ነው። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እዚሁ እኛ ሰፈር ሌላ ሰው ተነከሰ። አቶ ኦሞት ተራውን ለወጠው፣ የኛ ሰፈር ለዚያው ማታ ተዛወረ። ዱዋል ሊነግረኝ ወደ ቤት ሲመጣ ድልድዩ ላይ ናዝሬትን አገኛት። መርዙን ለማዘጋጀት ስለቸኮለ "ለአባትሽ ንገሪው፤ ዛሬ በእናንተ ሰፈር ነው፣ ውሻችሁን እሰሩ" ብሎ ላካት። እሷም ሮጣ መጣች።

"አልነገረችህም እንዴ፣ ጋሼ?" አለኝ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። እሱ ነው ያፏጨው፣ እሱ ነው የጣለው። ጥፋቱ ያንተ አይደለም አልኩት።

ነገረችኝ ወይ የሚለውን አልመለስኩለትም።

መጋቢት 30፣ ቅዳሜ

ከማንጎው ሥር ቀበርነው። የቆፈረችው ናዝሬት ናት፣ አጓ አገዘቻት። እኔ በእግሬ ምክንያት ቆሜ አየሁ። የውሻ ሞት አይለቀስም ይላሉ አበው። አኬሎ መጥታ አጥሩ ጋ ቆመች፤ ዛሬ አልቀለደችም።

ናዝሬት ታስሮ አይታው ነበር የተኛችው። ታስሯልና ይተርፋል ብላ። እኔ ፈታሁት። ይህን ታውቃለች። አንድም ቃል አላለችኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሚያዝያ 4፣ ረቡዕ

እግሬ እየዳነ ነው። የማይገባው ነገር ይድናል።

ከትምህርት ቤት ቀጥታ ወደ ቤት ትመጣለች፣ እንዳልኩት። ስጠራት "አቤት" ትላለች፣ ትቆማለች፣ አትቀርብም።

ሚያዝያ 8፣ እሑድ፣ ሆሳዕና

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ከእነአኬሎ ቤተ ክርስቲያን በኩል መዝሙር ይሰማ ነበር። ቆሜ አዳመጥኩ። አንድ ድምፅ ከሌሎቹ ወጣ ያለ የለም። የምትመራው ልጅ ስለቀረች ይሆናል። ቤት ስገባ ናዝሬት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

ሚያዝያ 15፣ እሑድ፣ ፋሲካ

እሙዬ ዓርብ ማታ ገባች። ከስታለች። እናቷ ተሽሏቸዋል፣ ተመስገን። ገና ዕቃዋን ሳታወርድ ወደ ሰንሰለቱ አየች። መርዝ በልቶ ሞተ አልኳት። "እንዴት? አልታሰረም ነበር?" አለች።

ናዝሬት ከእኔ ቀድማ "ሾልኮ ወጥቶ ነው፣ እማዬ" አለች።

ለምን እንዳዳነችኝ አላውቅም። ዛሬ ዶሮዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ሚያዝያ 18፣ ረቡዕ

ናዝሬት ዛሬ ዘገየች፣ እንደ ድሮው። እሙዬ "ውጣና ጥራት፣ መሸ" አለችኝ። ከዘራዬን ይዤ በሩ ድረስ ወጣሁ።

ናዝሬት እነአኬሎ አጥር ጋ ደርሳለች፣ ከአጓ ተለይታ ወደ ቤት ስትመጣ። ስታየኝ ቆመች። መጀመሪያ ያየችው ፊቴን አይደለም፣ እጄን ነው። አፌን ከፍቼ ስሟን ልጠራ ነበር። ቀረብኝ።

ከዘራውን አጥሩ ላይ አስደገፍኩት። ከዚያ ገና ያልዳነ እግሬን እየጎተትኩ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፣ ፊቴን ወደ ወንዙ አዙሬ። ሁለት ሴቶች ማሰሮ ይዘው ሲያልፉ ሰላም አሉኝ፣ ታመሃል ወይ አሉኝ። ደኅና ነኝ አልኳቸው። አልጠራኋትም። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፣ ጉልበቴ ደንዝዟል።

መጥታ ተቀመጠች። አጠገቤ አይደለም፣ ግን ተቀመጠች።

"ያን ቀን ልትነግሪኝ የነበረውን ንገሪኝ" አልኳት።

እንደማውቀው ታውቃለች። ቢሆንም ነገረችኝ። "ድልድዩ ጋ ዱዋል አገኘኝ። ዛሬ በእናንተ ሰፈር ነው፣ ውሻችሁን እሰሩ ብሎሃል።" መሀሉ ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። እስክትጨርስ አንድ ቃል አልተናገርኩም።

"እሺ፣ ሰማሁ" አልኳት።

ከዚያ አለቀሰች፣ እኔም። ሌላም ነገረችኝ፤ ስለ መዝሙሩ፣ ለምን እንደምትወደው፣ መተው ምን ያህል እንደከበዳት። በነገሩ አልተስማማሁም፣ አሁንም አልስማማም። ግን እስከ መጨረሻው ሰማኋት። ሳላውቀው መዳፌን ዘርግቼ ጉልበቴ ላይ አድርጌው ነበር። እጇን አስቀመጠችበት።

እሙዬ ከውስጥ ጠራችን፣ ራት ቀርቧል ብላ። ደግማ ጠራችን። ሁለታችንም ቶሎ አልመጣንላትም።